ለቅሶው ጋብ ያለበት ሰዓት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የጥምቀት ሰሞን አልፎ ጥር ሊያልቅ ሲል፣ በምኖርበት በልደታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ዕድሜዬ እየገፋ በመሄዱ ትናንት ያነበብኩትን ዛሬ እረሳዋለሁ። የዚያን ጠዋት ነገር ግን አንዱም አልጠፋኝም። ለልጄ ትልቅ ቀን ስለነበረ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬ በተንኳኳ ቁጥር የማስበው ነገር ስለተለወጠ ነው።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ውስጥ አገልግዬ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያረቀቅሁት ደብዳቤ ለእርማት ሲመለስ ባልደረቦቼ አይተው አያውቁም፤ ይህን ማለቴ መኩራራት ከሆነ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቴ አልማዝ ካረፈች በኋላ የምኖረው ከአንዲት ልጃችን ከጽዮን ጋር ነበር።

ጽዮን በሥነ ሕይወት ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ በአንድ ኮሌጅ ታስተምር ነበር። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ኤፒጄኔቲክስ በሚባለው የጥናት ዘርፍ የዶክትሬት ምርምር ማካሄድ ትፈልጋለች። ነገሩ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ደክማልኛለች። በመጨረሻ የተረዳሁትን በራሴ አነጋገር እንዲህ ስል መለስኩላት።

«እንግዲህ ከወላጅ የወረስነው ዘር እንደ አዋጅ ነው። አዋጁ አይነካም። ነገር ግን ሰርኩላር የሚባለው የበላይ መመሪያ ደብዳቤ ይመጣና ይህ አንቀጽ ይሠራበት፣ ያኛው ለጊዜው ይቆይ ይላል። አንቺ የምታጠኚው ሰርኩላሩን ነው።»

ሳቀች። «አዎ አባዬ። ሰርኩላሩን የሚጽፉት ረሃብና ሐዘን ናቸው ወይ? በእናት ላይ የተጻፈውስ ለልጅ ይደርሳል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።»

ጥያቄው ከየት እንደመጣ እሷ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ሁለታችንም እናውቀዋለን። አልማዝ ወሎ ውስጥ በክፉ ቀን የተረገዘች ልጅ ነበረች። እናቷ ቅጠል ቀቅላ እየበላች እንደወለደቻት ራሷ ታወራ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ቀጭን ሆና፣ ጣፋጭ ነገር ሳትወድ፣ የስኳር በሽታ ያዛት። ሐኪሞቹ «በቤተሰብ ውስጥ ይህ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ የለም ስንል፣ ጽዮን ከአልጋው ግርጌ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ያን ጊዜ የያዛት ሐሳብ ከዚያ በኋላ አልለቀቃትም።

የምርምር ዕድል ማግኘት ይህን ያህል አድካሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ርዕሱ ሲገጥም ቦታው ተይዟል፤ ቦታው ክፍት ሲሆን ርዕሱ አይገጥምም። ጽዮን ለማታውቃቸው ፕሮፌሰሮች ትጽፋለች። ጥቂቶቹ በትሕትና ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ የሚበዙት ዝም ይላሉ። እኔ ለደብዳቤ መልስ አለመስጠትን እንደ ነውር የምቆጥር ሰው በመሆኔ ከእሷ ይልቅ እናደድ ነበር።

በመጨረሻ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ አንዲት ፕሮፌሰር «ጥያቄሽ የእኛም ጥያቄ ነው» ብላ መለሰችላት። እናቶች በእርግዝና ጊዜ ያሳለፉት መከራ በልጆቻቸው ላይ የሚተወው ምልክት መኖር አለመኖሩን የሚያጠና አንድ የዶክትሬት ቦታ ተከፍቶ ነበር። ተወዳዳሪዎች ተጣርተው ጥቂት ቀሩ፤ ጽዮን አንዷ ሆነች። የቀረው በቪዲዮ የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነበር። ቀጠሮው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ሜክሲኮ አካባቢ ጓደኛዋ በምትሠራበት ቢሮ ጸጥ ያለ ክፍል ተለምኖላት ነበር።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀን ግን ጎረቤታችን ደረጀ ተቀበረ።

ደረጀና ሚስቱ መሠረት ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋሩት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። ወደ ሕንፃው ከመጡ ገና ብዙ ስላልቆዩ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ደረጀ ቀያሽ ነበር። መንገድ በሚሠራበት አገር ሁሉ ለመስክ ሥራ ይወጣል፤ ሳይደውል ይመጣል፤ ጭቃ የያዘ ጫማውን ከበሩ ውጭ አውልቆ ይገባል። መምጣቱን እኛም የምናውቀው በጫማው ነበር። በዚያው በመስክ ሥራ ላይ ሳለ ድንገተኛ ሕመም ወሰደው። መሠረት ነፍሰ ጡር ነበረች።

በቃለ መጠይቁ ቀን ጠዋት ጽዮን ለመውጣት ስትዘጋጅ ስልኳ ጮኸ። ጓደኛዋ ነበረች። የቢሮው ሕንፃ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩም አልነሣ ብሏል፤ ኢንተርኔት የለም። ካፌ እንዳትሄድ የሜክሲኮ ካፌዎች በዚያ ሰዓት ንብ የገባበት ቀፎ ናቸው። የቀረው የእኛ ሳሎን ነው። የእኛ ሳሎን ደግሞ ከለቅሶ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ይለያያል።

ከቀብር በኋላ ያለው ቀን ራሱ ከባድ ጩኸት የለበትም። ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ያወራል። ነገር ግን ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ከግቢው በር ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚገባው። ቤቱም ተነሥቶ አብሮት ያለቅሳል። በዚያን ጠዋት ደግሞ ከሰላሌ የደረጀ ዘመዶች ይጠበቁ ነበር።

ጽዮን ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ግድግዳውን ታይ ጀመር። «አባዬ፣ ይቅር። ይቅርታ ጠይቄ ልጻፍላቸው» አለችኝ።

«ቆይ» አልኳትና ወጣሁ።

የዕድራችን ዳኛ አቶ ሽፈራው በመሠረት በር ላይ ቆመው ስለ ወንበር ያዛሉ። ጠጋ ብዬ ጉዳዩን በዝግታ አስረዳኋቸው።

«አቶ መኮንን» አሉኝ፣ «እርስዎ የሕግ ሰው ነዎት። ለቀስተኛን ዝም በል የሚለው አንቀጽ በየትኛው መተዳደሪያ ደንብ ነው ያለው?»

«የለም» አልኩ።

«የለማ! እኔ ይህን ዕድር ስመራ አለቀስክ ብዬ የቀጣሁት ሰው የለም። በእኛ አገር የሚታማው ያላለቀሰው ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ጥያቄዬ ራሱ አሳፈረኝ። ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይግቡ።»

መሠረት መሬት ላይ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። የባሏን ጋቢ እስከ አገጯ ድረስ ተጠቅልላለች፤ ጥቁር ልብሷ አይታይም። መጋረጃው ወርዷል።

«የምትፈተነው ጽዮን ናት?»

«አዎ። ግን ይቅርብሽ ልጄ፣ ነገሩን አንሥቼ...»

«ምን ልትማር ነው?»

ለነፍሰ ጡር ሐዘንተኛ ይህን መንገር ተገቢ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ነገር ግን ያልሆነውን ሆነ ማለት አልለመደብኝም። «እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የሚያገኛት ረሃብና ሐዘን ለልጇ ይተርፍ እንደሆነ ልታጠና ነው» አልኳት።

እጇ በጋቢው ውስጥ ወደ ሆዷ ሲሄድ አየሁ። «ይተርፋል?» አለች።

«አይታወቅም። ገና የሚጠና ነው።»

«እንግዲያው ታጥናዋ» አለችና አንገቷን ወደ በሩ አቀናች። «ጋሽ ሽፈራው! ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ ሰው ድምፅ እንዳያሰማ።»

አቶ ሽፈራው አንገታቸውን አስገቡ። «ልጄ፣ የሟች ወገን ቢቀየምስ?»

«የሟች ወገን እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ ሰው አልነበረም። አቶ ሽፈራው ሴቶቹን ሁሉ ወደ ድንኳኑ አወረዱ፤ የመሠረት ታላቅ እህት ብቻ ቀረች፣ እሷም ጥግ ላይ በተቀመጠችበት በድካም እንቅልፍ ወሰዳት። የግቢውን በር እንዲጠብቁ ወይዘሮ ዘሀራ ተመደቡ። ወይዘሮ ዘሀራ ወደ ተክለ ሃይማኖት በሚወስደው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ አንደበታቸው የማይቻል የወሎ ሴት ናቸው።

«እኔ ነኝ ለቅሶ የማስቆመው?» ብለው በሹክሹክታ ተቆጡ። «ሠርግ ላይ ሲጣሉ አስታርቄያለሁ፤ ይኼ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አቶ መኮንን፣ ልጅዎ ካላለፈች እኔ ስሞት ቀኑን ሙሉ ቆማ ታለቅሳለች፣ ይንገሯት!»

እኔ በሁለቱ በሮች መካከል ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። አራት ሰዓት ሲሆን ከእኔ በር ውስጥ የጽዮን ድምፅ በእንግሊዝኛ ሲጀምር ሰማሁ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እየጠና ሄደ። ሌላ ድምፅ የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ የተሰበሰበበት ግቢ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ብሏል።

በዚህ ጊዜ በግቢው በር ላይ የሆነውን የሰማሁት በኋላ ነው።

የደረጀ አጎት አባባ ፈይሳ ከሁለት ሴት ዘመዶቻቸው ጋር ከሰላሌ ደረሱ። ከበሩ ላይ ድምፃቸውን ሊያነሡ ሲሉ ወይዘሮ ዘሀራ ሮጠው ከፊታቸው ቆሙ። «አባባ፣ በፈጠረዎ! ፎቅ ላይ ድምፅ እንዳይሰማ ተብሏል። ምክንያቱን በኋላ እነግርዎታለሁ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው መስኮቶቹን አዩ። «እርጉዟ እንዴት ናት?» አሉ።

«ደህና ናት፤ ላይ ናት።»

አባባ ፈይሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ቢያንስ የገባቸው መስሏቸዋል። በአገራችን መርዶ በድንገት አይነገርም። ለታመመ ይደበቃል፣ መንገድ ላይ ላለ ይደበቃል፣ ለነፍሰ ጡርማ ከሁሉ በላይ ይደበቃል። ለቅሶ ቤት በር ላይ ዝም በሉ ከተባለ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ባለቤቲቱ ገና አልሰማችም። ድንኳኑንም ቢሆን በዚያ ሁሉ ቤት መካከል የማን እንደሆነ ማን ያውቃል፣ የሌላ ጎረቤት ነው ብለዋት ይሆናል ብለው አሰቡ። ሁለቱን ሴቶች ድንኳኑ ውስጥ እንዲቆዩ አዘው ደረጃውን ብቻቸውን ወጡ።

እኔ ያየኋቸው የደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። ቆመው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። በሐዘን ወግ የለበሱትን ጋቢ ፈትተው እንደ ማንኛውም ቀን አድርገው ለበሱት። ከዚያ ፈገግ አሉ። ፈገግ ብሎ ወደ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው አይቼ ስለማላውቅ የሌላ ፎቅ እንግዳ መሰሉኝ።

«የደረጀ ቤት ይኼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ ከማለቴ ገቡ።

«እንደምን አደርሽ ልጄ! ደህና ነሽ? በሆድሽ ያለውስ ደህና ነው?»

መሠረት ቀና ብላ አየቻቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን አባባ። እንኳን መጡ።»

«ለሕክምና ከተማ ገብቼ፣ ሳላይሽ አልመለስም ብዬ ነው።» ከፍራሹ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያውን ቃኘት አደረጉ። «ደረጀስ? መስክ ነው?»

እኔ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ስሕተቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቼ ሽማግሌውን ማውጣት ነበረብኝ። መሠረት ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ የጽዮን ድምፅ ወደሚመጣበት ግድግዳ ተመለከተች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«መስክ ነው አባባ» አለች።

«መቼ ይመጣል?»

«እሱ መቼ ደውሎ ያውቃል? ጫማውን በር ላይ ሳይ ነው የማውቀው።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እንደ ልጅነቱ ነው በይኛ! ትንሽ ሆኖ እኮ የአባቱን በሬ ከቀንድ እስከ ጅራት በገመድ ለካው። ከዚያ ሄዶ የጎረቤቱን በሬ ለካ። የጎረቤቱ በለጠ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀምስ አለ!»

«እኔንስ መቼ ተወኝ?» አለች መሠረት። ድምፅዋ ተለውጧል፤ በሰላም ቤቷ ውስጥ እንደምትኖር ሴት ድምፅ ሆኗል። «ከመስክ በመጣ ቁጥር ሆዴን በሜትር ይለካል። ሥራው በዕቅዱ ልክ እየሄደ ነው ይለኛል።»

«ምን ያህል ሆነ?»

«አይነግረኝም! ሪፖርቱ ሲጠናቀቅ ነው ይላል።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ጮክ ብላ ሳቀች። የአንዲት ሐዘንተኛ ሳቅ በጸጥተኛው ኮሪደር ውስጥ ሲያልፍ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር ለቅሶ እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም።

ጨዋታው ቀጠለ። ደረጀ ሲመጣ የትኛውን ወጥ እንደሚወድ ተነጋገሩ። የሚወለደው ልጅ ወንድ ከሆነ ሰላሌ ሄዶ ፈረስ መጋለብ እንዳለበት ሽማግሌው ፈረዱ። ደረጀ ፈረስ እንደሚፈራ እሷ አጋለጠች። በዚያ ክፍል ውስጥ ደረጀ በሕይወት ነበረ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ደረጃውን የሚወጣ ሰው ነበረ። እኔ ራሴ ሳላውቀው ዓይኔን ወደ በሩ ደፍ ጣል አድርጌ ጫማውን ፈለግሁት።

ከዚያ የእኔ በር ተከፈተ። ጽዮን ወጣች። ቃለ መጠይቁ አልቆ ነበር። አንድም ነገር ሳልነግራት በአጠገቤ አልፋ ወደ መሠረት ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችውን ልታወጣ፣ ወግም ስለሆነ፣ ከፍራሹ ፊት ተንበርክካ «ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ጮኸች።

አባባ ፈይሳ እንደ ወጣት ብድግ አሉ። «አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ? እርጉዝ ናት እኮ!» አፏን በእጃቸው ሊይዙ ተንደረደሩ።

መሠረት የእጃቸውን አንጓ ያዘች።

«አባባ» አለች፣ «አውቃለሁ። ትናንት ቀብሬዋለሁ።»

ሽማግሌው ቆመው ቀሩ። እሷን አዩ፤ ጋቢው ተንሸራቶ ጥቁሩን ልብስ አዩ። ከሰላሌ ጀምረው ያፈኑት ሁሉ ባንድ ጊዜ ፈነዳ። እሪታቸው ወደ ታች ወረደ፤ ድንኳኑም መለሰለት፤ ግቢው በሙሉ ተነሥቶ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከአልማዝ ቀብር ወዲህ ያን ያህል አልቅሼ አላውቅም።

ድምፁ ጋብ ሲል ሽማግሌው ጠየቋት። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን መለስሽልኝ?»

«እርስዎ ሲጠይቁኝ» አለች፣ «መስክ የሄደ መሰለኝ።»



ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጽዮን ስለ ቃለ መጠይቁ ነገረችኝ። ስለ ሐዘን ስታስረዳ ሳለ ሳቁ በግድግዳው መጣ። መሠረት አእምሮዋን የሳተች ስለመሰላት ጽዮን ደነገጠች። ፕሮፌሰሯ ሳቁን ሰምታ «ቤታችሁ ደስታ አለ መሰለኝ» አለቻት። ጽዮንም «ጎረቤቶቼ ናቸው» ብላ ወደ ጥያቄው ተመለሰች።

«ብትነግሪያቸው ምን ነበረበት?» አልኳት። «ከግድግዳው ማዶ ያለችው የምታጠኚው ጥያቄ ራሷ ነበረች።»

«የሰው ሐዘን ይዤ አልወዳደርም አባዬ» አለችኝ።

እናቷን መሰለችኝ።

ቦታውን አገኘች። ወይዘሮ ዘሀራ ከማንም በላይ ጮኸው ዘለሉ፤ ፈተናውን ያለፉት እሳቸው መስሏቸው ነበር። መሠረት ደግሞ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ስሟ ናርዶስ ነው። ጽዮን የምትሄድበት መስከረም ሲደርስ ሕፃኗ አንገቷን አጽንታ፣ ያየችው ሰው ላይ ሁሉ የምትስቅ ሆና ነበር።

በስንብቱ ቀን መሠረት ሕፃኗን አቅፋ ወደ እኛ መጣች። ሻንጣው በሩ ላይ ቆሟል። ጽዮንን አቅፋ ከሳመቻት በኋላ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለቻት።

«በዚያን ጊዜ የነበረኝ ሐዘን ለእሷ ይተርፋል አይተርፍም፣ እሱን ታጠኚዋለሽ። እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ያቺ ደረጀ መስክ የሆነባት ሰዓት ነበረች። ሐዘን የሚተርፍ ከሆነ፣ ያቺ ሰዓትስ? እሷም ትተርፋለች?»

ጽዮን ሕፃኗን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና «አላውቅም። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች። አውሮፕላን ማረፊያ እስክንደርስ ድረስ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

አሁን የምኖረው ብቻዬን ነው። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እንነጋገራለን። መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ጤንነቴ አይደለም፤ «ናርዶስ እንዴት ናት? ትስቃለች?» ነው። መሠረት ሕፃኗን ታመጣና ጉልበቴ ላይ አስቀምጣታለሁ። ልጄ ከሩቅ አገር፣ በረዶ ከሚታይበት መስኮት አጠገብ ሆና ትመለከታታለች። የመሠረት ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘም። በመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለውን በእንጥልጥል ያለ ጉዳይ እንለው ነበር።

አባባ ፈይሳም አልቀሩም። ከሰላሌ በመጡ ቁጥር ገና ከበሩ ሳይገቡ «ደረጀስ? መስክ ነው?» ይላሉ። መሠረትም «መስክ ነው አባባ» ትላቸዋለች። ከዚያ ተቀምጠው ስለ እሱ ይጫወታሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር ደስ አላለኝም ነበር። የሆነው ነገር እንደሆነው መነገር አለበት ብዬ የማምን ሰው ነኝ።

በቅርቡ ሽማግሌው ሲመጡ መሠረት ከሥራ አልተመለሰችም ነበር። እስክትመጣ እኔ ዘንድ አስገባኋቸው። ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየታቸው ነው። አልማዝ በእጇ የጠለፈችውን የወንበር ልብስ በጣታቸው ዳሰሱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶግራፏን አዩ። ከዚያ ሻይ ሳቀርብላቸው ቀና ብለው ጠየቁኝ።

«ባለቤትዎስ? የት ሄደው ነው?»

መልሱን ብዙ ጊዜ የሰጠሁት ስለሆነ ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየች ይህን ያህል ዓመት ሆናት የሚለው። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ልደታ ማርያም ሄዳለች» አልኩ። «አሁን ትመጣለች።»

ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አዩ። ከዚያ ፎቶግራፉን ድጋሚ አዩ። ብርጭቋቸውን አስቀምጠው በወንበሩ ላይ ተመቻቹ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «እስኪመጡ ድረስ እንጫወት። ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

ነገርኳቸው። ቀጭን መሆኗን፣ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣቷን፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ካገኘችው ሰው ሁሉ ጋር ስትጫወት እንደምትዘገይ፣ እኔም በዚህ እንደምቆጣ ነገርኳቸው። ስለ እሷ ስናገር «ነበረች» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜም አልተጠቀምኩም።

ስለዚያች የጥር ጠዋት አሁን ምን ይሰማሃል ብባል ለማስረዳት ይቸግረኛል። ልጄ የሄደችበት ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ዕድሜዬ ይፈቅድልኝ እንደሆነም አላውቅም። ብቻ፣ ያን ዕለት ሽማግሌውን ሸኝቼ በሩን ስቆልፍ፣ ቁልፉን እንደ ወትሮዬ ከውስጥ ሰክቼ አልተውኩትም። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቁልፍ ከውስጥ ከተሰካ ከውጭ የሚመጣ ሰው በራሱ ቁልፍ መክፈት አይችልም።